«ቲቸር፣ ይሄ የት ነው?»

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል። የዳታ ነገር የሚያሳስባችሁ አይዟችሁ፣ ፎቶ የለውም። ቡና የሚያፈላ ካለ ግን ከሁለተኛው ጋር ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ጂኦግራፊ አስተማሪ መሆን የራሱ ጣጣ አለው። ልጆቹ እኔን ሲያዩ ካርታ ነው የሚታያቸው። የትምህርት ቤቱን የሥዕል ክበብ የሚይዝ ሰው ስለጠፋ ደግሞ እሱም እኔ ላይ ወድቋል። ሥዕል የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ እወዳለሁ እንጂ። ታዲያ ክበብ ውስጥ ምንም ዓይነት ሥዕል ባሳያቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ይሄ የት ነው?»

የጣና ዳር ሥዕል ከሆነ ጥያቄው ችግር የለውም፣ መልስ አለው። ባለፈው ግን የእስክንድር ቦጎስያንን አንድ ሥራ በከለር አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ስሙን ወደኛ ብንመልሰው «የስጋትና የሐሴት የሌሊት በረራ» እንደማለት ነው። በ1964 የተሣለ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፣ አትደናገሩ)። አሁን ያለው አሜሪካ ውስጥ በሰሜን ካሮላይና የጥበብ ሙዚየም ነው። ጨለማ ነው፤ ግን ባዶ ጨለማ አይደለም። በነጠብጣብ ብርሃን የተሞላ፣ ክንፍ ያላቸው ነገሮች የሚንሳፈፉበት፣ ሰማይ ይሁን ከውሃ በታች ያለ ዓለም ይሁን የማይለይ ቦታ። ልጆቹ ወረቀቱን እየተቀባበሉ ዝም አሉ። ከዚያ ያው ጥያቄ መጣ። «የትም አይደለም፣ ከሐሳቡ ነው የሣለው» አልኩ። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ፣ ከኋላ ወንበር የማይጠፋ፣ ቀበል አድርጎ «የትም ካልሆነ ታዲያ ምን አይቶ ነው የሣለው?» አለኝ።

ይሄኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ይህ ሁሉ ጽሑፍም እሱን ለመመለስ ነው።

በቅድሚያ ስለ ልጆቹ የራሳቸው ሥዕል ላውራ። አስተማሪ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። «የፈለጋችሁትን ሣሉ» ብላችሁ ወረቀት ብትሰጡ ከአሥሩ ስምንቱ አንድ ዓይነት ነገር ይዘው ይመጣሉ። ሁለት ሹል ተራራ፣ በመካከላቸው ግማሽ ፀሐይ፣ ከሥር የምትጥመዘመዝ ወንዝ፣ በስተቀኝ የሣር ጎጆ፣ በስተግራ የኮኮናት ዛፍ፣ ሰማዩ ላይ እንደ ራይት የተሰመሩ አራት ወፎች። አዲስ ቅዳም ላይ ኮኮናት! ደጋ ነው እኮ አገሩ። ማለዳ ጋቢ ደርበን ነው የምንወጣው። ሹል ተራራም የለንም፣ ያለን ጉብ ጉብ ያለ ኮረብታ ነው። ጎጆውም ቢሆን አብዛኛው በቆርቆሮ ተለውጧል። አንድ ቀን «ይሄን ኮኮናት የት አያችሁት?» ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ከደብተር ሽፋን ይሁን፣ ከፀጉር ቤት ግድግዳ ይሁን፣ ታላቅ ወንድም ከሣለው ይሁን፣ ማንም አያውቅም። ይወረሳል።

ይህም በምናብ የተሣለ አገር ነው፤ የትም የለም። ከእስክንድር ሌሊት የሚለየው ግን ከጀርባው የማንም ትዝታ አለመኖሩ ላይ ነው። ልጁ ምንም አላየም፣ ምንም አላስታወሰም፣ እጁ ብቻ ነው የሄደው።

የኛ የድሮ ሠዓሊዎች መልክዐ ምድርን ለራሱ ብለው አይሥሉም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ አስተውሉ፦ ቅዱሱ ከነፈረሱ አለ፣ መላእክቱ አሉ፣ ዓይኖቻቸው እናንተን ያያሉ። ከኋላቸው ያለው ግን ቀይ ወይም ቢጫ ወይም አረንጓዴ መደብ ነው። ተራራና ዛፍ ቢገባም ታሪኩ ስለጠየቀው ነው የሚገባው። ጎበዝ ሠዓሊ ስለጠፋ አይደለም ይሄ። ሥዕሉ እንዲያሳይ የሚፈለገው ሌላ ዓለም ስለነበረ ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ቀና ብሎ የጣሪያውን የመላእክት ፊት ሲያይ «ይሄ የት ነው?» አይልም። የት እንደሆነ ያውቃላ!

ዘመናዊው መንገድ የመጣው ዘግይቶ ነው። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምሮ ተመልሶ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ከፈተ። እስክንድር ግን ወደ ውጭ የወጣው ከዚያ በፊት ነው። በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ። በ1955 በንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ በተደረገው ውድድር ሁለተኛ ወጥቶ እንግሊዝ አገር የመማር ዕድል አገኘ። ከለንደን ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ዘጠኝ ዓመት ገደማ እዚያ ቆየ። ፓሪስ ውስጥ የኩባውን ዊፍሬዶ ላምን፣ የቺሊውን ማታን፣ የፖል ክሌን ሥራዎች አገኘ። ከአፍሪካና ከካሪቢያን ከመጡ ጸሐፊዎች ጋርም ዋለ። በ60ዎቹ አጋማሽ ተመልሶ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት አስተማረና ወደ አሜሪካ ሄደ። ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ። በ2003 እዚያው አረፈ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያ የክንፍና የነጠብጣብ ሌሊት ሲሣል ሰውየው ፓሪስ ነበር። በመስኮቱ ቢያይ የሚታየው የፓሪስ ጣሪያ ነው። ሥዕሉ ውስጥ ግን ፓሪስ የለችም። ያለው ምንድነው ብለን ብንጠይቅ፣ አንዱ መልስ ክታብ ነው። በአንገት የሚንጠለጠለውን፣ በብራና ላይ የሚጻፈውን፣ ጠልሰም የሚሣልበትን ታውቁታላችሁ። እዚያ ላይ ያለችው ዓይን፣ መረብ የመሰለው ሐረግ፣ ክንፍና ሰይፍ፣ ሁሉ በእስክንድር ሥራዎች ውስጥ ተለውጦ ይታያል። ኋላ ላይማ በፍየል ቆዳና ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሳይቀር ሠርቷል። ዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ያለ ሥራው ስሙ «የመጀመሪያው መጨረሻ» ነው፤ ከ1972 እስከ 73 የሠራው። ስሙ ራሱ ያሳስባል። ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምም ከ60ዎቹ ጀምሮ የእሱን ሥራ ይዟል።

ለኋላ ወንበሩ ልጅ የመጀመሪያ መልሴ ይህ ነበር፦ ያየውን ነው የሣለው፤ ያየው ግን በዚያን ቀን አይደለም። ልጁ «ኧረ ቲቸር» ብሎ ሳቀ። አልረካም። ትክክልም ነው፣ ግማሽ መልስ ነዋ።

የቀረው ግማሽ ዝምታ ነው። ይሄን ለማስረዳት ፓሪስ መሄድ አያስፈልግም፣ ጎጃም ነን እኮ። የቅኔ ተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀን ላይ ብቻውን ይወጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ወይም ከዱሩ ዳር ይቀመጣል። ሰው ሰላም ቢለው ላይሰማ ይችላል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቱ ይቆጥራል፤ ለዚህም ነው ቅኔ ቆጠራ የሚባለው። ማታ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የተቀመጠበት ዛፍ፣ ያለፈች ወፍ፣ የራበው ሆዱ፣ ትናንት የሰማው ነገር ሁሉ ቅኔው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ግን እንደነበረ አይገባም። ሰምና ወርቅ ሆኖ ነው የሚገባው። ማንም መምህር «ይሄ ዛፍ የት ያለው ነው?» ብሎ አይጠይቀውም። ዛፉን አይቶ፣ ዛፉን ረስቶ፣ ከዚያ ነው የሚመጣው። የምናብ መልክዐ ምድር የሚሥል ሰው የሚሠራው ይሄንኑ ይመስለኛል፤ ከቃል ይልቅ በቀለም ነው እንጂ። ፈረንጆቹ ሜዲቴሽን ይሉታል፣ እኛ ተመስጦ፣ አርምሞ፣ ጽሞና የሚሉ ሦስት ቃላት አሉን። ቃላቱ ሳይጎድሉን ነው ልጆቻችን ኮኮናት የሚሥሉት።

ስለ ቻይኖች ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። እነሱ በዚህ ነገር ከሁሉም ይቀድማሉ። በአምስተኛው መቶ ዘመን ሞንግ ቢንግ ሳይሆን ዞንግ ቢንግ የሚባል ሰው ነበር (ስሙን ስጠራው ልጆቹ ስለሚስቁብኝ ነው)። ዕድሜውን ሙሉ ተራራ ሲወጣ የኖረ ሰው ነው። ሲያረጅና ጉልበቱ ሲከዳው የወጣቸውን ተራሮች በቤቱ ግድግዳ ላይ ሣለ። ተኝቶ ያያቸዋል፣ ተኝቶ ይጓዛል። ከእሱ በኋላ በ11ኛው መቶ ዘመን ጓ ሺ መጣ። በ1072 የሣለው «የጸደይ መባቻ» የሚባል ሥዕል ዛሬ ታይፔ ሙዚየም ውስጥ አለ። ጭጋግ ውስጥ የሚጠማዘዝ ተራራ ነው። ተራራው የትኛው ነው ቢባል መልስ የለውም። ሠዓሊው ብዙ ተራራ ዞሮ አይቶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ልቡን አረጋግቶ፣ ከሁሉም አንድ አወጣ። ጓ ሺ ስለ ሥራው የተናገረውም ተጽፎ ቀርቷል። አሳቡ ባጭሩ፣ በሥራና በወላጅ ጉዳይ ከከተማ መውጣት ያልቻለ ሰው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ በተራራ ውስጥ እንዲመላለስ ነው ሥዕሉ የሚያስፈልገው የሚል ነው። ይሄን ሳነብ ኤክስትራ ክላስና የወላጅ ስብሰባ ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ችግር ሺህ ዓመትም አልቀየረውም።

በተቃራኒው አገር ሳያዩ አገር የሚሥሉም አሉ። የኛን አካባቢ ራሱ ስንት ሰው በሐሳቡ ሠርቶታል መሰላችሁ። የዓባይ ምንጭ፣ ግሽ ዓባይ፣ ከኛ ሩቅ አይደለም። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 መጥቶ አይቶታል። ከዚያ በፊት ግን አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመት ያንን ምንጭ በምናባቸው ብር ተራራ ላይም ገነት ውስጥም አድርገውታል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 «ራሴላስ» የሚል ልብ ወለድ ሲጽፍ የሐበሻ ልዑል በተራራ በታጠረ የደስታ ሸለቆ ውስጥ ይኖራል፣ ሸለቆውም አማራ ምድር ነው አለ። ጆንሰን እዚህ ረግጦ አያውቅም። ከዓመታት በፊት የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ ስለነበር፣ ነገሥታት ልጆቻቸውን በአምባ ላይ ያስቀምጡ እንደነበር ወሬው ደርሶታል፣ ከዚያ የቀረውን ሞላው። መጽሐፉ ጥሩ ነው ይባላል፤ ሸለቆው ግን ምንም አይሸትም። ጭቃ የለውም፣ ዝንብ የለውም፣ የከብት ኩበት የለውም። ለእኔ የልጆቼ ኮኮናትና የጆንሰን ሸለቆ የአክስት ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ፤ ይሄን ሁሉ ያስወራኝ እሱ ነው።

ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ የአያቴ ቤት አለ። ከቤቷ በላይ ድሮ ሜዳ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ የመጨረሻውን ጫፉን ደርሼበታለሁ። የጋራ ግጦሽ ነበር። ፈረስ ይውልበታል፣ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል፣ ዳር ዳሩ ኮሶና ብሳና ነበረበት፣ ከዚያ ወዲያ የገብስ ማሳ። ዛሬ የፋግታ ለኮማን ምድር የሚያውቅ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ዲከረንስ ነው። የሩቅ ወዳጆቼ ላላያችሁት፦ ቅጠሉ እንደ ላባ የሚለሰልስ፣ ሲያብብ ቢጫ የሚሆን፣ በፍጥነት የሚያድግ የውጭ አገር ግራር ነው። አፈራችን አሲዳማ ሆኖ እህል እምቢ ሲል ገበሬው መላ አገኘ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፣ በሚቀጥለው ሣሩን ያጭድበታል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆርጥና እዚያው መሬቱ ላይ አፈር አልብሶ ያከስለዋል። መሬቱ ተመልሶ ጤፍ ይዘራል፣ እንደገና ችግኝ። ከሰሉ በማዳበሪያ ታጭቆ መንገድ ዳር ይደረደራል፣ አይሱዙ ይጭነዋል። አዲስ አበባ ያላችሁ ልጆች፣ ጠዋት ቡና ያፈላችሁበት ከሰል ከጎረቤቴ ጓሮ የወጣ ሊሆን ይችላል።

ዲከረንስን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ቆርቆሮ ያለበሰን፣ ስንት ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ያለበሰ ዛፍ ነው። እንደ ጂኦግራፊ አስተማሪ ደግሞ የተራቆተ ኮረብታ አረንጓዴ ሲሆን ማየት ደስ ይላል። ግን ሜዳው ሄደ። ፎቶ የለውም። ያኔ ካሜራ ያለው ሰው ሜዳ አያነሳም፣ ሠርግ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ያ ቦታ ያለው ሦስት አራት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። አያቴ ደግሞ ዓይኗ ደክሟል፣ ዕድሜዋም ሄዷል።

ዐምና ክረምት ላይ፣ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ፣ ከእሷ ዘንድ ሰነበትኩ። ከእሳቱ ዳር ተቀምጠን «ሜዳውን ልሣለው፣ ንገሪኝ» አልኳት። በእርሳስ፣ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ። እሷ በአገውኛ ትነግረኛለች፣ ስትመስጥ ፍጥነቷን አልችለውም፣ አስደግማታለሁ። «ውሃው በስተቀኝ ነው» አለች። ሣልኩ። አጎቴ ከውጭ ገባ፣ አየው፣ «ምን በስተቀኝ ነው፣ በግራ ነው እንጂ! እኔ አይደለሁ ፈረስ ያጠጣሁበት?» አለ። ተከራከሩ። አያቴ ተቆጣች። አጎቴ ሌላ ጊዜ ቀና ብሎ የማያናግራት ሰው፣ በዚህ ጉዳይ ግን ወይ ፍንክች። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተከራከሩ።

ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ነው የገባኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አያቴ ሜዳውን የምታስታውሰው በእንስራ ውሃ ቀድታ ከታች ወደ ላይ ስትወጣ ነው። አጎቴ ደግሞ ከላይ፣ ከኮረብታው፣ ፈረስ እየነዳ ሲወርድ ነው። ለእሷ ቀኝ የሆነው ለእሱ ግራ ነው። ካርታ ብሠራ ኖሮ በአንድ መስመር እፈታው ነበር፤ ሰሜን ወደ ላይ፣ አለቀ። ግን ካርታ ብሠራው ሜዳው የማናቸውም አይሆንም። እንስራው ከብዶኝ አላይም፣ ፈረሱም ከሥሬ አይኖርም።

ስለዚህ ጠዋት ተነስቼ ውሃውን ሁለት ቦታ አደረግሁት። በቀኝም በግራም። በመካከላቸው ሜዳው እንደ ደሴት ሆነ። ዳር ላይ ዛፎቹን ስሠራ እኔ ራሴ በልጅነቴ የማስታውሰው ነገር መጣብኝ፦ ማለዳ ላይ ጭጋጉ ከሜዳው ሳይነሳ የፈረሶቹ እግር አይታይም ነበር፣ ጀርባቸው ብቻ በጭጋግ ላይ ይሄድ ነበር። እንደዚያ አድርጌ ሣልኳቸው፣ እግር የሌላቸው ፈረሶች። ለአያቴ በቃል አስረዳኋት። «እህ» አለች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ «ብርዱስ?» አለችኝ። አጎቴ ደግሞ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ይዞ ወጥቶ አገላበጠና «ይሄ የኛ ሜዳ አይደለም፣ ፈረሶቹ ግን የኛ ናቸው» አለ። ከዚህ የተሻለ ሂስ ከየትኛውም ኤግዚቢሽን የምሰማ አይመስለኝም።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር የመጣችሁ፣ ፈረሶቹ በጌጥ አሸብርቀው ሲሸመጥጡ አይታችኋል። ያ ውብ ነው፣ ካሜራውም ይበዛል። በአዘቦት ቀን ጭጋግ ውስጥ የሚግጥ ፈረስ ግን ካሜራ የለውም። እሱ የሚቀረው እንዲህ በመሰለ ሥዕል ነው።

መስከረም ላይ ይሄን ለክበቡ ልጆች ነገርኳቸውና የቤት ሥራ ሰጠሁ። እያንዳንዳቸው ከቤታቸው ትልቅ ሰው ጋር ተቀምጠው «እኔ ሳልወለድ ይሄ ቦታ ምን ይመስል ነበር?» ብለው እንዲጠይቁ። ከዚያ ሁለት ቀን ምንም እንዳይሥሉ። ሁለቱ ቀን የኔ ሕግ ነው፣ ከቅኔ ቤት የሰረቅሁት። በሦስተኛው ቀን ብቻቸውን ቁጭ ብለው ይሣሉ። ኮኮናት የከለከልኩት ያኔ ነው፤ በይፋ።

ቀለም የለንም ብለው ተማረሩ። እውነት ነው፣ አንድ ፓኮ ከለር ስንት እንደገባ ወላጆች ታውቃላችሁ። ግን አዲስ ቅዳም ላይ ተቀምጦ መሣያ የለም ማለት ባሕር ዳር ተቀምጦ ዓሣ የለም እንደማለት ነው። የዓለም ሠዓሊዎች ንድፍ የሚሠሩበት አንዱ ዋና መሣሪያ ከሰል ነው! በየከተማው በሱቅ በካርቶን ይሸጣል። የማገዶው ከሰል ራሱ ግን ይደርቃል፣ ወረቀት ይቧጭራል። አንዷ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ አባቷ ከሰል የሚያከስል፣ ዘዴውን ተለማመደችው። ቀጫጭን ጭራሮ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ትጠቀጥቃለች፣ ክዳኑን በጭቃ ትመርጋለች፣ ትንሽ መተንፈሻ ትተዋለች፣ እሳት ውስጥ ትከተዋለች። ጭሱ ከቆመ በኋላ አውጥታ ሳትከፍት ታቀዘቅዘዋለች። ሲወጣ ለስላሳ፣ ጥቁር፣ ለጣት የሚመች ነው። የመጀመሪያው ጣሳ አመድ ሆነባት። ሁለተኛው ተሳካ። አሁን የክበቡ አቅራቢ እሷ ናት።

ከሰል አንድ ጠባይ አለው፣ በጣት ሲነካ ይጠፋል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ልጆቹ መጀመሪያ ተናደዱ። ከዚያ ጥፋቱን መጠቀም ጀመሩ። ያንን ሳይ ትዝ ያለችኝ ጁሊ ምሕረቱ ናት። በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በሰባት ዓመቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ሚሺጋን የሄደችው። ዛሬ በዓለም ስማቸው ከሚጠራ ሠዓሊዎች አንዷ ናት። ሥራዎቿ ትልልቅ ናቸው። የሕንፃ ፕላን፣ ካርታ፣ የስታዲየም ንድፍ ይደራረባል፣ በላዩ ጭረት፣ በላዩ ደግሞ ማጥፋት። አጥፍታ የተወችው ጥላ ራሱ የሥዕሉ አካል ነው። በ2017 ለሳን ፍራንሲስኮ ሙዚየም የጨረሰቻቸው ሁለት ግዙፍ ሥዕሎች ከሥራቸው የ19ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ መልክዐ ምድር ሥዕሎች አሉባቸው፤ የዘመናችን የጎዳና ግጭት ፎቶዎችም ተቀላቅለውበታል። ከላይ ስታዩት ግን ማዕበል ነው። በ2016 ሥራዎቿ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ፣ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ታይተዋል። እኔ አልሄድኩም፣ የሄዱ ነግረውኛል። ማዕከሉ የተሰየመለት ገብረ ክርስቶስም ከሐረር ተነስቶ ኮሎኝ ተምሮ፣ ብዙ ሥሎ ብዙ ገጥሞ፣ በ1981 ከአገሩ ርቆ ኦክላሆማ ውስጥ ነው ያረፈው። አንዳንዴ የሠዓሊዎቻችንን መቃብር በካርታ ላይ ብሠራ ምን ዓይነት ካርታ ይወጣል እያልኩ አስባለሁ።

የልጆቹ ሥዕሎች እንዴት ሆኑ? የተወሰኑት አሁንም ሹል ተራራ ነው፣ አልዋሽም። ግን አንዱ ልጅ አያቱ ስለነገሩት ቀርቀሃ ሥሎ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በቀጥታ መስመር ሞላው፣ መሬትም ሰማይም የለውም። ከውስጡ አንድ ነጭ ነገር ይታያል። «ምንድነው?» ስለው «የጠፋችው ላማችን» አለኝ። ላሟ የጠፋችው እሱ ሳይወለድ ነው። ሌላዋ ዘንገናን ሣለች፣ ከእንጅባራ ወዲያ ያለውን ሐይቅ። ክብ ነው፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሆነ ክፍል ውስጥ አስተምሬያቸዋለሁ። እሷ ግን ከላይ አይደለም የሣለችው፣ ከታች ነው። ከሐይቁ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ቀና ስትል ሰማዩ እንደ ሳንቲም ያነሰ ክብ ሆኖ። እዚያ ቆሞ ያየ ሰው የለም። ግን 166ን በቁጥር ሳስተምር ያልገባቸው ነገር በዚያ ሥዕል ገብቷቸዋል። ማንም ሳያዛቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚያዩት።

የከሰሏ ልጅ ሥዕል ደግሞ ሌላ ነው። አባቷ የነገራት ስለ ገብስ ማሳ ነበር። እሷ ግን የተወለደችው ከዲከረንስ በኋላ ነው። ገብሱን ሣለችው፣ በላዩ ጭሱን ሣለች፣ ጭሱን በመዳፏ ጠረገችው፣ ገብሱ ከሥር እንደ ጥላ ቀረ። ስለ ጁሊ ምሕረቱ ያኔ ገና አልነገርኳትም ነበር። ስጠይቃት «ለእኔ አገሬ ጭሱ ነዋ ቲቸር፤ ጠዋት በር ሲከፈት የሚሸተኝ እሱ ነው። የአባዬ ደግሞ ገብሱ። ሁለቱንም ልተው አልቻልኩም» አለችኝ።

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። እኔ ሜዳው ሄደ እያልኩ ስጨነቅ፣ ለእሷ ዲከረንሱ ራሱ ሜዳ ነው። እሱም ደግሞ እየሄደ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሽታ ገብቶበታል፤ ቅጠሉ ይቃጠላል፣ ችግኙ ሳይጸና ይደርቃል። ገበሬው ነቅሎ ወደ ድንች፣ ወደ ስንዴ፣ ወደ ሌላ ዛፍ እየዞረ ነው። ከአያቴ ቤት በላይም ግማሹ ተመንጥሯል። ባለፈው ስሄድ የመሬቱ ቅርጽ ተመልሶ ታየኝ። ያ የሚያቁርበት ጎድጓዳ ቦታ አሁንም አለ። ውሃ የለውም እንጂ። በየት በኩል እንደሆነ? ከቆምኩበት በግራዬ ነበር፤ ግን ከላይ ነበር የቆምኩት።

የኋላ ወንበሩ ልጅ እስከ አሁን አልሣለም። በየሳምንቱ ይመጣል፣ ወረቀት ይወስዳል፣ ባዶውን ይመልሳል። «ገና አልታየኝም» ይላል። አልጨቀጭቀውም። ሁለት ቀን ያልኩት ለእሱ ሁለት ወር ሆኗል መሰለኝ።

ለማንኛውም ወደ ጥያቄዬ። ከገና በኋላ ሥዕሎቹን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እንጅባራም ዳንግላም ባሕር ዳርም ያላችሁ፣ አንድ ወገኑ ባዶ የሆነ የቢሮ ወረቀት ካላችሁ እንዳትጥሉት። ከሰል ሲነካካ ስለሚጠፋ ላዩ ላይ የሚነፋ የፀጉር ስፕሬይ የጀመራችሁትም ቢሆን ይጠቅመናል። ከሁሉም በላይ የወተት ዱቄት ጣሳ፣ ክዳኑ ያልጠፋ። ሕፃን ያላችሁ እባካችሁ አስቡን። ከሰሉን እኛ አናጣም።